በገዛ ልሳን እንግዳ ቃል

የእንግሊዝን ቋንቋ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው፥ በዚያው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ሲያነብ የማያውቀው ቃል ያጋጥመዋልን? የሚያጋጥመው ከሆነስ በስንት ገጽ አንድ ጊዜ ነው? ይህ ጥያቄ ሲያዩት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ልጁን በእንግሊዝኛ ለሚያስተምር ቤተ ሰብ ግን፥ በባዕድ አገርም ቢኖር በአገሩም ቢኖር፥ ጨዋታ አይደለም፤ የአንዲት ልጅ የትምህርት ዕድል በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ በቤቴ አይቻለሁና።

የእኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ በሎንዶን ከተማ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት ነው። በአገሯ ሳለች ከክፍሏ ልጆች ግምባር ቀደም ነበረች። እዚህ ከመጣች በኋላ ግን መጽሐፍ በከፈተች ቍጥር እርሳስ ይዛ በማታውቀው ቃል ሥር ሁሉ ታሰምር ጀመር፤ ገጹ እንደ ታረሰ እርሻ ትልም በትልም በሆነ ጊዜም መጽሐፉን ዘግታ ትነሣለች። በእንግሊዝ አገር ልጆች በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ከትምህርቱ ሁሉ ሦስት ወይም አራት ያህል ብቻ መርጠው በዚያ የሚቀጥሉ ስለ ሆነ፥ የምርጫው ጊዜ በቀረበ ወራት፥ ከልጅነቷ ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ ስትል የኖረችው ልጅ «አክስቴ፥ ባዮሎጂውን ልተወው ነው። ቃል የማይበዛበትን ሒሳቡን ልያዝ። የእነርሱ ልጆች ቃሉን ሁሉ ተወልደው ያውቁታል፤ እኔ መቼ እደርስባቸዋለሁ?» አለችኝ።

«አይዞሽ፥ እነርሱም አያውቁትም» ብዬ ላጽናናት እችል ነበር። ነገር ግን ልጆች ማጽናኛን ከእውነት ለይተው ያውቃሉ። እኔም ደግሞ ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ስለ ሆነ ያልተቈጠረ ነገር አይዋጥልኝም። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት ነገሩን ልቈጥረው ቈረጥሁ።

ከቤታችን ቀጥሎ የሚኖሩ አንዲት እንግሊዛዊት ባልቴት አሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ስድስት ነው። በሥራቸው ዘመን ከፖስታ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጠው ቴምብር ሲሸጡ የኖሩ፥ መጽሐፍም ከእጃቸው ተለይቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። አሁን ዓይናቸው ስለ ደከመ በየቅዳሜው ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አነብላቸዋለሁ፤ እርሳቸው በፈንታው የእኔን አነጋገር ያርሙልኛል፥ ሻይም ያፈሉልኛል። (ሻዩ ላይ ወተት መጨመራቸውን እስከ ዛሬ አልለመድሁትም።) ከዕለታት አንድ ቀን «የማያውቁት ቃል በመጣ ጊዜ ጠረጴዛውን በጣትዎ መታ ያድርጉልኝ» ብዬ ለመንኋቸው። ሳቁና «ልጄ፥ እኔ የማላውቀው ቃል እኮ እምብዛም የለም» አሉኝ። ይህን መልስ አንባቢ ልብ ይበለው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሦስት ወር በላይ ቈጠርሁ። ጋዜጣ ስናነብ፥ የገበያና የኳስ ወሬ የሆነ እንደ ሆነ፥ ጣታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሣ ሰዓቱ የሚያልፍበት ቅዳሜ ነበረ፤ የሳይንስ ወይም የባንክ ነገር የሚናገረው ዐምድ ሲደርስ ግን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መታ ያደርጋሉ። ሁለት መቶ ሃምሳ ገጽ ያህል ባለው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ውስጥ በጠቅላላው አምስት ጊዜ መቱ። ይኸውም በሃምሳ ገጽ አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። የእኅቴ ልጅ ይህን ቍጥር ብነግራት ኖሮ ባዮሎጂውን በዚያው ቀን በተወችው ነበር። ነገር ግን ዝም ብዬ ቈየሁ፤ ቀጥሎም ከመደርደሪያው ላይ የሟች ባላቸውን መጽሐፍ አወረድን።

መጽሐፉ ፓትሪክ ኦብራያን የሚባል ደራሲ በ1969 ዓ.ም. ያወጣው «ማስተር ኤንድ ኮማንደር» የተባለው የባሕር ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት፥ ካላስታወቅሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ደራሲው ከዚህ ጀምሮ ሃያ መጻሕፍት ጽፎ ፈጽሟል፤ ሁሉም በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ስለ ነበሩት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የሚናገሩ ናቸው። የዚያ ዘመን መርከብ የሚሄደው በሸራና በነፋስ ስለ ነበረ፥ ገመዱ ሁሉ፥ ሸራው ሁሉ፥ ምሰሶውና አግዳሚው እንጨት ሁሉ የየራሱ ስም አለው። መርከቡ ከወደብ ከተነሣ በኋላ የባልቴቲቱ ጠረጴዛ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፤ በአንድ ገጽ አራት፥ አምስት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ። ንባቡን አቋርጬ «ባለቤትዎ ይህን ሁሉ ያውቁት ነበርን?» አልኋቸው። «ኧረ ከየት አውቆት! እርሱ አውቶቡስ ነጂ ነበረ። ገመዱ የፈለገው ስም ይኑረው፥ መርከቡ ሲሄድ እየታየኝ ነው ይል ነበር እንጂ» አሉኝ። ሃያውንም መጽሐፍ እንዲሁ ሲያነብ፥ ጨርሶም ከመጀመሪያው ሲጀምር እንደ ኖረ ነገሩኝ።

ደራሲውም ይህን ያልተረዳ ሰው አይደለም። ከሁለቱ ዋና ባለ ታሪኮች አንዱ ማቱሪን የሚባል ሐኪም ነው፤ ስለ መርከብ ምንም የማያውቅ ስለ ሆነ፥ መርከበኞቹ ገመዱንና ሸራውን እያሳዩ ስሙን ይነግሩታል፤ እርሱም ግራ ይገባዋል። አንባቢው አብሮት ግራ የሚጋባ የተማረ ሰው ካገኘ ማፈሩን ይተዋል። እንዲህም ሆኖ ለእነዚህ መጻሕፍት አንባቢዎች ብቻ ተብሎ አንድ መዝገበ ቃላት በ1995 ዓ.ም. ታትሟል። ይህን የገዙትም ቋንቋውን ለመማር የመጡ እንግዶች አልነበሩም፤ እንግሊዝኛን በእናታቸው ቤት የለመዱ ሰዎች ናቸው እንጂ።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄደን ብንመረምረው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አመጣጥ ራሱ ከዚህ የተነሣ ነው። እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚተረጕም የመጀመሪያውን መዝገበ ቃላት በ1604 ዓ.ም. ያሳተመው መምህር የነበረ ሮበርት ካውድሪ የሚባል ሰው ነው። በውስጡ የነበሩት ቃላት 2,500 ያህል ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚናገራቸው ሳይሆኑ፥ ከዕብራይስጥ፥ ከግሪክ፥ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የገቡ አስቸጋሪ ቃላት ነበሩ። መጽሐፉ ለእነማን እንደ ተዘጋጀ በፊተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ለወይዛዝርትና ለሌሎች ዕውቀት ለጐደላቸው ሰዎች ነው። እኔ እንደ ሴትነቴ ይህን አቈጣጠር አልወደድሁለትም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ላቲን እንዲማሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚላኩት ወንዶቹ ልጆች ስለ ነበሩ፥ ሴቲቱ በገዛ አገሯ በገዛ ቋንቋዋ የሚሰበከውንና የሚነበበውን በሙሉ ለማስተዋል ሳትችል መቅረቷን ሰውየው ማየቱን አመሰግንለታለሁ። ከመጀመሪያው እትም እስከ ዘመናችን የደረሰው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን፥ እርሱም በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ከካውድሪ በኋላ መዝገቡ እያደገ ሄደ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ዓ.ም. ያወጣው ከ42,000 በላይ ቃላት ነበሩበት። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ዓ.ም. ወጥቶ የመጨረሻው በ1928 ዓ.ም. ሲፈጸም ከ400,000 የሚበልጡ ቃላትን ይዟል፤ ዋናው አዘጋጅ ጄምስ መሪ ፍጻሜውን ሳያይ በ1915 ዓ.ም. ሞቷል። በ1989 ዓ.ም. በታተመ ጊዜም ሃያ ጥራዝ ሆኗል። ይህን ሁሉ ቃል በልቡ የያዘ እንግሊዛዊ ከቶ አልተወለደም።

ይህ ሁሉ ቃል ከየት መጣ ያልን እንደ ሆነ፥ አንዱ ምክንያት በ1066 ዓ.ም. የኖርማንዲ ሰዎች እንግሊዝን በጦር መያዛቸው ነው። ከዚያ በኋላ ጌቶቹ በፈረንሳይኛ፥ አራሾቹ በእንግሊዝኛ እየተናገሩ ብዙ ዘመን ኖሩ። ስለዚህም እስከ ዛሬ ድረስ በሬና ላም በመስክ ላይ ሳሉ የሚጠሩት በአራሹ ቃል ነው፤ ሥጋቸው በገበታ ላይ በቀረበ ጊዜ ግን የሚጠራው በጌታው ቃል ነው። ከዚያም ሊቃውንቱ ለሳይንስና ለሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ስም ከላቲንና ከግሪክ እያወጡ ጨመሩበት። በእኛ ቋንቋ ጥርስን የሚያውቅ ልጅ የጥርስ ሐኪም ሲባል ወዲያው ይገባዋል፤ «ጻፈ»ን ያወቀም ጸሐፊን፥ ጽሑፍን፥ ጽሕፈትንና መጻፊያን ያለ አስተማሪ ይደርስባቸዋል። የእንግሊዝ ልጅ ግን ጥርስን «ቱዝ» ብሎ ከእናቱ ተምሮ፥ የጥርሱን ሐኪም «ዴንቲስት» ብሎ እንደ ገና መማር አለበት፤ ፀሐይን «ሰን» ብሎ ተምሮ የፀሐይ የሆነውን ነገር «ሶላር» ብሎ ይማራል። ከሥሩ የማይገናኝ ስለ ሆነ ቃሉ ሁሉ ለእርሱም አዲስ እንግዳ ነው።

አሁን የሊቃውንቱን ቍጥር ላቅርብ። በቤልጅግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ እንግሊዝኛ የልደት ቋንቋው የሆነ የሃያ ዓመት አሜሪካዊ በአማካይ 42,000 ያህል ቃላትን ያውቃል። ነገር ግን ሰው ሁሉ እኩል አይደለም፤ ከመቶ አምስቱ፥ በታችኛው ጫፍ ያሉት፥ 27,000 ያህል ሲያውቁ በላይኛው ጫፍ ያሉት አምስቱ 52,000 ያውቃሉ። እኔን ከዚህ ይልቅ ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ይኸው ሰው ከሃያ ዓመቱ እስከ ስድሳ ዓመቱ 6,000 ያህል ቃላት ይጨምራል፤ ይህም በሁለት ቀን አንድ ቃል ያህል ይሆናል። እንግዲህ በሁለት ቀን አንድ አዲስ ቃል የሚይዝ ሰው፥ ያ ቃል ከመያዙ በፊት የማያውቀው እንግዳ ሆኖ አጋጥሞታል ማለት ነው፤ አጋጥሞት ሳይይዘው ያለፈው ደግሞ ስንት ይሆን?

ቃላት በመጽሐፍ ውስጥ የሚመላለሱበት ልማድ አላቸው። በአሜሪካ አገር በብራውን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሊቃውንት በ1961 ዓ.ም. ከታተሙ ጽሑፎች አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላት ሰብስበው ቈጥረው ውጤቱን በ1967 ዓ.ም. አሳተሙ። «ዘ» የምትባለው ትንሽ ቃል ብቻዋን ከመቶው ሰባቱን ትይዛለች። የተለያዩት የቃል ዓይነቶች 50,000 ያህል ሲሆኑ፥ ከእነርሱ ወደ ግማሽ የሚጠጉት በዚያ ሁሉ ሚሊዮን ቃል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የታዩ ናቸው። እንደ ገበያ ማለት ነው። በየሳምንቱ በገበያ የምናገኛቸው ደንበኞቻችን ጥቂት ናቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚሉት ባላገሮች ግን ቍጥራቸው ብዙ ስለ ሆነ፥ በማናቸውም የገበያ ቀን አንድ የማናውቀው ፊት ከመካከላቸው አይጠፋም።

በኒውዚላንድ ፖል ኔሽን የተባለው ሊቅ በ2006 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፥ ልብ ወለድ ወይም ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ከመቶው ቃል ዘጠና ስምንቱን እንዲያውቅ ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃል ቤተ ሰቦችን ማወቅ ያስፈልገዋል። የቃል ቤተ ሰብ ማለት አንዱ ቃል ከነእርባታው ነው። ዘጠና ስምንቱን አውቆ ሁለቱን የሳተ ሰው ሦስት መቶ ቃል ባለበት ገጽ ላይ ስድስት እንግዳ ያገኛል፤ ይህን ያህሉን ይዞ ያለ መዝገበ ቃላት ለማንበብ ይቻላል። ዘጠና አምስቱን ብቻ የሚያውቅ ግን ዐሥራ አምስት ያገኛል፤ መንገዱም ይከብደዋል። የእኅቴን ልጅ መጽሐፍ ወስጄ ያሰመረችውን ቈጠርሁ። በአንድ ገጽ ሃያ አንድ ነበረ፤ ገጹም ሦስት መቶ ያህል ቃል አለበት። እንግዲህ ከመቶው ዘጠና ሦስቱን ታውቃለች ማለት ነው። ይህን በወረቀት ጽፌ አሳየኋት። ከእንግሊዞቹ ልጆች ጋር ያላት ርቀት እውነተኛ ነው፤ ይህን አልሸሸግኋትም። ነገር ግን የሚለካ ርቀት ነው፤ ስንት እንደ ቀረ የሚታወቅ መንገድ ደግሞ ከማይታወቀው ይቀላል። የመረጠችውም መጽሐፍ ለአሁኑ ጕልበቷ ከባድ ስለ ነበረ፥ ቀለል ያለ ፈልገን በገጽ ስድስት ሰባት ብቻ የሚያሰምሩበት አገኘንላት።

ቍጥሩን አይታ ዝም አለች፤ ልቧ ግን አላመነም። ያሳመናት ሌላ ነገር ነው።

ባልቴቲቱ «የማላውቀው ቃል እምብዛም የለም» ብለውኝ እንደ ነበረ ተናግሬያለሁ። እንግዲህ በወንጀል ምርመራው መጽሐፍ ላይ፥ አንድ ቀን፥ ጣታቸውን ሳያነሡ ያለፉትን አንድ ገጽ እንደ ገና አንብቤ «ይህ ምንድር ነው? ያስ?» እያልሁ በየቃሉ ጠየቅኋቸው። «ላርች» ከሚለው ስንደርስ «ዛፍ ነው» አሉ። ምን ዓይነት ዛፍ እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «እኔ እንጃ፤ በመንገድ ባገኘው አላውቀውም። ዛፍ መሆኑ ግን አይበቃምን?» አሉኝ። በዚያ ገጽ እንደዚህ ያለ፥ ታወቀም አልታወቀም የማይባል፥ ሦስት ቃል አገኘን። ለካ የሚቈጠረው እንግዳ ቃል ሳይሆን የሚታሰበው እንግዳ ቃል ኖሯል! ባለቋንቋው ግማሹን ብቻ የሚያውቀውን ቃል እንደ ሙሉ ወዳጅ እየቈጠረ ያልፈዋል፤ ሲጠይቁትም የማላውቀው የለም ይላል፤ ሐሰትም አልተናገረም። በሌላ ቀን ደግሞ ጠማማ የሚል ፍች ያለውን «አራይ» የሚለውን ቃል ሳነብላቸው ጣታቸው ተነሣ። አሳይቼ ፊደሉን በቍጠራ ብነግራቸው «ይህማ ኦሪ ነው! ስድሳ ዓመት ሙሉ ኦሪ እያልሁ ሳነበው ኖሬያለሁ» ብለው እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። በጆሯቸው የሰሙትና በዓይናቸው ያዩት ቃል አንድ መሆኑን አላወቁም ነበር። በእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ነገር ከሚጠብቅና ከሚላላ በቀር አያጋጥምም፤ እርሱም «ገና»ን የበዓሉን ስምና ጊዜው አልደረሰም የሚለውን ቃል እንደሚያሳስት ዓይነት ብቻ ነው።

ማታ ይህን ለእኅቴ ልጅ አጫወትኋት፤ ቀጥሎም ከአገር ያመጣችውን፥ አንብባ የወደደችውን፥ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አወረድሁ። መጽሐፉ በእኛ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የታተመ፥ ታሪኩም በጐጃም የሚፈጸም ነው፤ ልጅቱ ደግሞ ከአስፋልት ወጥታ የማታውቅ የከተማ ልጅ ናት። ከእርሻው ዕቃ፥ ከቅኔ ቤቱ ሥርዓት፥ ከባላባቱ ማዕረግ እየመረጥሁ ጠየቅኋት። አንዱን መለሰች፤ ሁለቱን ገመተች፤ አራቱን አላወቀችም። «ታዲያ ይህን ስታነቢ መጽሐፉን ስለ ምን አልዘጋሽውም?» አልኋት። ለጥቂት ጊዜ ገጹን ስትመለከት ቈየችና «እንዳሉም አላየኋቸውማ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ መምከር አላስፈለገኝም። በዚያው ሳምንት ባዮሎጂውን መርጣ ስሟን አስመዘገበች። በትምህርቱም ስለ ሕዋስ መከፈል መማር በጀመሩ ጊዜ «ማይቶሲስ»ና «ሜዮሲስ» የሚባሉት ሁለት የግሪክ ቃላት እንግሊዞቹን ልጆች እንደ እርሷው ሲያምታቷቸው፥ ከአጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ ከእርሷ ደብተር ስትገለብጥ አይታ እየሳቀች ነገረችኝ። እርሳሱን አሁንም አልጣለችውም፤ ነገር ግን ምዕራፉን እስክትጨርስ አታሰምርም፤ ሲያልቅ ወደ ኋላ ተመልሳ ደጋግመው ያስቸገሯትን ሦስት ቃላት ብቻ ትፈልጋለች። በመጨረሻ የቈጠርሁላት ጊዜ በገጽ አራት ደርሳ ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ለባለቋንቋው ልማድ ያለ ልክ ያደላሁ እሆናለሁ። ባልቴቲቱ ደማቸው በሥራቸው ውስጥ እንዳይረጋ «ዋርፋሪን» የሚባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ። ከጥቂት ወራት በፊት እኔ ሥራ በዝቶብኝ በቀረሁበት ቅዳሜ የእኅቴ ልጅ በእኔ ፈንታ ልታነብላቸው ሄደች። መርከቡን ከመጀመራቸው በፊት ከሐኪም የደረሳቸውን ደብዳቤ እንድታነብላቸው ሰጧት። በደብዳቤው መካከል «ኮንትራኢንዲኬትድ» የሚል ቃል፥ ከእርሱም አጠገብ አንድ ረዥም የመድኃኒት ወገን ስም ነበረ። ባልቴቲቱ እንደ ልማዳቸው «እለፊው ልጄ፤ የሐኪሞች ወግ ነው» አሏት። ልጅቱ ግን ማለፍን ገና በቅርቡ የተማረች ስለ ሆነች፥ በዚያች ቀን የቀድሞው ልማዷ በረታባትና ቆመች። በስልኳ ላይ ካለው መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ፈለገች። የመጀመሪያው ጉዳት ስለሚያመጣ ሊሰጥ የማይገባ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የሕመም ማስታገሻ ወገን ነው፥ ከዚያም ወገን አንዱ አይቡፕሮፌን ነው።

አይቡፕሮፌኑ በባልቴቲቱ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ነበረ። ለጕልበታቸው ሕመም ከሱቅ ገዝተው ሲውጡት ሰንብተዋል። ከዋርፋሪን ጋር አንድነት የተወሰደ እንደ ሆነ ደም የመፍሰስን አደጋ ያበዛል። በዚያው ሰዓት ለመድኃኒት ቀማሚው ስልክ ደወሉ፤ እርሱም እንዲተዉት ነግሮ ለጕልበታቸው ሌላ እንዲወስዱ አዘዛቸው። ለመርከብ ገመድ መዝለል ይቻላል፤ ለእንዲህ ያለው ቃል ግን አይቻልም፤ ይህን ለይቶ ለማወቅ ደግሞ ከባለቋንቋዋ ይልቅ እንግዳዪቱ ልጅ በዚያን ቀን በለጠች።

ባልቴቲቱ «ኮንትራኢንዲኬትድ» የሚለውን ቃል በትልልቅ ፊደል በካርቶን ላይ አስጽፈው ከማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፈውታል። ለሻዩ ወተት ሊያወጡ በሄዱ ቍጥር ጮክ ብለው ያነቡታል፤ እስካሁን ግን ከመካከሉ አንድ ክፍለ ቃል እየዘለሉ ነው።